በሁለት አምድ

ውድ ብሎን፣

በዚህ ስም የሚጠራህ ከእኔ ሌላ ሰው አልቀረም። ሠራዊቱ በማዕረግህ ይጠራሃል፤ የመታሰቢያው ድንጋይ በተራ ቁጥር፤ እማዬ «ልጄ» ብላ። ኪስህ ሲፈተሽ ሁልጊዜ አንድ ብሎን የማይጠፋበት መካኒክ እንደነበርክ የሚያስታውስ የለም። ከሞትክ ሃያ ዓመት ሞላህ። በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ስለ አንተና አብረውህ ስላለቁት ሠላሳ ሰዎች እጽፋለሁ፤ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ ሆኗል። በአንዱም ውስጥ «ወንድሜ» የሚል ቃል የለም። ለጠየቀኝ ሁሉ «የጋዜጣ ሰው ራሱን ከወሬው ያወጣል» እላለሁ። ሐሰት ነው። «ወንድሜ» ካልኩ «ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?» የሚል ይመጣል ብዬ ነው።

አሟሟትህን አንተ አታውቀውም፤ እኔ ግን በቃሌ እወጣዋለሁ። ከአገራችን ባሕር ተሻግሮ ባለ የሰው አገር፣ ሰላም ለማስከበር በተተከለ ካምፕ ውስጥ፣ ቁርስ ሰዓት ነበር። ውኃ የሚያመጣው ቦቴ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይመጣ ስለነበር በር ጠባቂዎቹ ለምደውታል። ያን ቀን ሾፌሩ ሌላ ነበር። ጠባቂው ግን የሚያየው መኪናውን እንጂ ሾፌሩን አልነበረምና እንደ ልማዱ አግዳሚውን ብረት አነሳለት። ቦቴው የጫነው ውኃ ሳይሆን ፈንጂ ነበር። በሕይወት የተረፈው ወጥ ቤት በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ አንድ ጥንድ እግር ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተዘርግቶ አልተነቃነቀም። ሞተር ሥር ተኝተህ ጩኸት አይሰማህም። እማዬም ሁሌ የምትቆጣህ በዚሁ ነበር።

ከመሄድህ በፊት የተባባልነውን ግን ታስታውሳለህ። ቢሮዬ መጥተህ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ የሟቾችን ገጽ ሳርም አየኸኝ።

«አንተ ጋዜጣው፣ እኔ ብሞት ስንት አምድ ትሰጠኛለህ?»

«ለአስር አለቃ? አንድ አምድ። እሱም ቦታ ከተገኘ።»

«ለወንድምህ እንኳ?»

«ለወንድሜ አንድ አምድ ከጥቁር መስመር ጋር።»

ሳቅህ እስከ ማተሚያ ቤቱ ተሰማ።

የሟቾቹ ስም ዝርዝር የደረሰን ጥቃቱ በተፈጸመ ማግሥት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የሠራዊቱ ቃል አቀባይ ሰጥቶን አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ መኮንኖች ዛሬ በየቤቱ ዞረው ያረዳሉ፤ እስከ ማታ የማይሰማ ቤተሰብ አይኖርም፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ማውጣት ትችላላችሁ፣ ከዚያ በፊት ግን አንዲት ስም እንዳታመልጥ። አሥራ ሰባተኛው አንተ ነበርክ። ስምህ ላይ የፊደል ስሕተት ነበረበት። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስሕተቱን ማረም ነው።

ዋና አዘጋጁ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አየ።

«ያንተ ነው አይደል?»

«የእኔ ነው።»

«ተነሥ፣ ወደ ቤት ሂድ።»

በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። «ስማ... ከሠላሳ አንዱ የዘጠኙ ፎቶ ብቻ ነው ያለን። እንግዲህ ከሄድክ አይቀር...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው። ፎቶ መልቀምን ለዝግጅት ክፍሉ ጀማሪዎች ሁሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ለቅሶ ከገባበት ቤት ፎቶ አይወጣም» እላቸው ነበር። «መርዶው ሳይደርስ ድረሱ፣ በትሕትና ጠይቁ፣ አትዋሹ፣ ግን ያልተጠየቃችሁትን አትመልሱ።»

እማዬ ስታየኝ ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

«ምነው በሥራ ቀን? አባረሩህ እንዴ?»

«ርቦኝ ነው።»

«ሚስት አግብቶ እናቱ ቤት የሚርበው አንተን አየሁ!»

ሾርባና ዳቦ አቀረበችልኝ። ሳህኑን ስጨርስ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ስጨርስ «ጨምሪልኝ» አልኩ። እሷ ስለ አንተ ታወራለች፤ በስልክ ድምፅህ የከሳ ሰው ድምፅ እንደሆነ፣ ስትመለስ መጀመሪያ ጥርስህን ለሐኪም እንደምታሳይልህ፣ ከዚያ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ እኅት እንደምታሳይህ። «ጥርሱ ይቅደም፣ አለዚያ ትሸሸዋለች» አለች። ሁለተኛውንም ሳህን ጨረስኩ። መኮንኖቹ ከሰዓት በኋላ መምጣታቸው አይቀርም፣ ሐኪምም ይዘው ነው የሚመጡት፣ ይህ የእነሱ ሥራ ነው አልኩ በልቤ። የእኔን ሥራ ደግሞ እኔ ሠራሁ።

«እማዬ፣ ጋዜጣው ባሕር ማዶ ስላሉት ወታደሮቻችን ለነገ አንድ ገጽ እያዘጋጀ ነው። የእሱን ፎቶ ስጪኝ።»

ልብ በልልኝ፣ አንዲት የውሸት ቃል የለችበትም።

ከግድግዳው ላይ አወረደችው። የዩኒፎርምህን፣ እሷ ከጎንህ ቆማ እጇን ትከሻህ ላይ የጣለችበትን። መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ከፍሬሙ አወጣችልኝ።

«እኔንም ታወጡኛላችሁ?»

«ቦታ አይበቃም።»

«ግድ የለም፣ እሱ ይውጣ። ትልቅ አድርገህ አውጣልኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

አውቶቡስ ውስጥ ፎቶውን ጭኔ ላይ ገልብጬ፣ ሥራችን እንደሚያዘው ጀርባው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ ስምህን፣ ማዕረግህን፣ «ሟች፣ ተራ ቁጥር 17»፣ ቀኑን፣ «በ8 ሰዓት ከእናት የተወሰደ»፣ «በ2 አምድ»። ከዚያ ፊቱን አዙሬ የሚቆረጠውን በቀይ እርሳስ ሰረዝኩ፤ እማዬን ከራስ ጸጉሯ እስከ ወገቧ። ሌሎቹ ሠላሳዎቹ በአንድ አምድ ወጡ። አንተ በሁለት። አድልዎ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ቀዩ መስመር ግን በደንብ አልተሰመረም ነበርና ጋዜጣው ላይ ትከሻህ ላይ አራት ጣቶች ቀሩ። አንባቢ እስከ ዛሬ የማን እንደሆኑ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንተም ከደሙ ንጹሕ አይደለህም። ከመሄድህ በፊት የሠራዊቱን የቤተሰብ ቅጽ ስትሞላ የድሮውን ቤት አድራሻ ነው ያሰፈርከው። ቤት ከቀየርን ሁለት ወር አልሞላንም ነበር፤ እጅህ የለመደውን ጻፈ። መኮንኖቹ በአሥር ሰዓት የድሮውን በር አንኳኩ፤ አዲሶቹ ተከራዮች «አናውቃቸውም» አሉ፤ መኮንኖቹም ነገ እናፈላልጋለን ብለው ተመለሱ። ይህን ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም። አንተን ለመሸፈን አይደለም። ቢያንስ አንዱ ጥፋት የእኔ አለመሆኑን ለብቻዬ ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ማታ አልሄድኩም። ሰምታለች፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ገጹን ልጨርስ አልኩ። ከጨረስኩ በኋላም አልሄድኩም።

የቀረውን የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው። እማዬ ያኔ ፊደል አልቆጠረችም። ጠዋት በማለዳ ወጥታ ጋዜጣ አዟሪውን ጠበቀችው፤ ከዋዜማው «ልጄ ነገ ይወጣል» ብላ አስጠንቅቃው ነበር። ገልጣ አንተን አየች፤ ከሁሉም ትልቁ አንተ ነህ። እልል አለች። ከዚያ መንገዱን ይዛ ሄደች። አውቶቡስ ለሚጠብቁት አሳየች፦ «እዩልኝ፣ ይኼ የእኔ ነው! ትልቁ!» ተቀበሏት፣ አነበቡ፣ አጣጥፈው መለሱላት። አንድም ሰው ቃል አልተናገረም። ለዳቦ ሻጯ አሳየች፤ ዳቦ ሻጯ ወደ ጓዳ ገባች። ልብስ ሰፊው ጋ ስትደርስ ተቆጥታ ነበር።

«የዚህ ሰፈር ሰው ምቀኛ ነው!» አለችው። «የሰው ልጅ ከፍ ሲል ዓይናቸው ይቀላል። አንዱ እንኳ እንኳን ደስ ያለሽ አይለኝም?»

ልብስ ሰፊው አነበበ። ከስፌት መኪናው ተነሣ።

«እማማ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ።»

«ምን ያስቀምጠኛል? ፀጉር አስተካካዩ ገና አላየም!»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ልብስ ሰፊው ሊነግረኝ አልፈለገም፤ እኔም አልገፋሁትም። ሰውን መግፋት ሙያዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀረብኝ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እማዬ እኔም እንደ እሷ ተታልዬ የነበረ መሰላት። ዘመድ ሲያማኝ ትከራከርልኝ ነበር። «ልጄን ተዉት፣ እሱም አላወቀም። የገዛ ወንድሙን ፎቶ ሳያውቅ አስለቀሙት፣ አረመኔዎች!» ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ። አንገት መድፋቴን ሐዘን ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የእናቴን ፍቅር የበላሁት እንደዚያ ሾርባ ነው፤ እየጨመረችልኝ።

እሷ ግን አልተኛችም። የማላውቀውን ወረቀት ሁለተኛ በእጄ አልይዝም ብላ በስድሳ ሁለት ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ፊደል ቆጠረች። መጀመሪያ ያነበበችው ያንተን ገጽ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት።

ፎቶውን ስትጠይቀኝ «ጠፍቷል» እላት ነበር። አልጠፋም። ማኅደር ክፍል ውስጥ በፖስታ ተቀምጧል፤ ያለበትን መደርደሪያ በጨለማ አገኘዋለሁ። ዘንድሮ ግን ለሃያኛው ዓመት ቤተሰቦች ፎቶ ይዘው እንዲሰለፉ ተጠሩ። «የሌሎቹ እናቶች ፎቶ ይዘው ሲቆሙ እኔ የጋዜጣ ቁራጭ ይዤ ልቁም?» አለችኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ዙር አይደርሳትም። ፖስታውን አወጣሁት።

የጋዜጣውን ገጽ የሚያቀናብረው ገጽ ቀያሹ ልጅ የፎቶውን ጀርባ አይቶ ወዲያው ገባው። «ጋሼ፣ ነጭ ወረቀት እንለጥፍበት» አለኝ። ሙጫውንም አመጣ። ሙጫውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እማዬ ወረቀት ተለጥፎ ስታይ የምታደርገውን አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ፤ በጥፍሯ ነው የምትልጠው። መለስኩለት።

እሑድ ወሰድኩላት። ፊቱን አየች፤ መጀመሪያ አንተን፣ ቀጥላ ቀዩን መስመር።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ሰርዘኸኛል።»

«ለመቁረጥ ነው፤ ሥራው እንደዚያ ነው።»

ገለበጠችው። መነጽሯን አደረገች። ጣቷን እየጎተተች ፊደል በፊደል አነበበች፤ ስምህን፣ ማዕረግህን። «ሟ» አለች፤ ቆየች። «ሟች» አለች። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«በሁለት አምድ ምንድን ነው?»

«ስፋቱ ነው። የሌሎቹ አንድ ነበር።»

«ውለታ ውለህለታላ።»

ጽሑፉን እንደገና በጣቷ ዳሰሰችው።

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«ያን ቀን። ከዚህ ስመለስ፣ አውቶቡስ ላይ።»

«ከምሳው በኋላ?»

«ከምሳው በኋላ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ እመርጥ ነበር።

«ጨምሪልኝ ብለኸኝ ነበር» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ሲደውል እነግረዋለሁ ብዬ፣ ወንድምህ ሾርባዬ ናፍቆት ከሥራ ወጥቶ መጣ ብዬ።» መነጽሯን አወለቀች። «በል ተነሥ። ምሳ ደርሷል፣ ልበላ ነው።»

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ አንኳኩቻለሁ። «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «የምሰጥህ ፎቶ የለኝም» ትላለች።

ሥነ ሥርዓቱ ትናንት ነበር። ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ከመድረኩ ፊት ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ፎቶውን በደረቱ ይዞ ቆመ። እማዬ ፍሬሙን አስተካክላ ይዛለች። የሚታየው ግን ፊትህ አይደለም። ጀርባህ ነው። ነጩ የፎቶው ጀርባ፣ በላዩ ላይ የእጅ ጽሑፌ፣ በመስተዋት ሥር። አንድ ወጣት መኮንን ጎንበስ አለላት።

«እማማ፣ ፎቶው ተገልብጦብዎታል።»

«አልተገለበጠም።»

በትሕትና ሊያዞረው እጁን ዘረጋ። እጁን መታችው። የሟቹ ስም ሲጠራ እያንዳንዱ ቤተሰብ ፎቶውን ከፍ ያደርጋል፤ ስምህ ሲጠራ እሷም ከፍ አደረገች። እኔ ከጋዜጠኞቹ መካከል ነበርኩ፣ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አየችኝ። የሠላሳ አንድ ሰው ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

የእኛ ፎቶ አንሺ አንስቷታል። ገጽ ቀያሹ ልጅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይዞት መጣ፤ አፍሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼን እንተወው መሰለኝ።»

«አውጣው።»

«ከየትኛው ጽሑፍ ጋር?»

እየጻፍኩት ያለሁትን ይህን ደብዳቤ አሳየሁት። ነገ ጠዋት በሯ ላይ ይደርሳታል፤ አሁን እያነበበች ነው የምትገልጠው፣ የሚያነብላት ሰው አትጠብቅም። የአድራሻህንም ነገር እዚሁ ታገኘዋለች። ይቅርታ ብሎን፣ እሱንም ማስቀረት አልቻልኩም። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ያልተጠየቁትን አለመመለስ የለም።

ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ስፋቱስ?» አለኝ።

«በሁለት አምድ» አልኩት። «ምንም እንዳትቆርጥ።»

ታላቅ ወንድምህ፣
ጋዜጣው