የሄሊና ድግስ

ገርጂ፣ መስከረም 2004 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለነገራ፣

የጅማ አየር እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደለው የአንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ደስ የሚል ወሬ ይዤልሃለሁ። ሄሊናችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ደረሳት። ባለቤቴ ጅሬኛ ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኢምፔሪያል ሰፈር ያለው የእሱ ጋራዥ ድርሽ እንዳትል ከልክለን ሁለት ዓመት ማስጠናታችን ፍሬ አፈራ።

እሁድ በግ አርደን ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን። ሁሉም «ዶክተር» እያለ ሳማት። ምሳ ሊቀርብ ሲል ግን ልጅቱ ጠፋች። ለካ የጎረቤታችን የአቶ ኤርሳዶ መኪና ደጅ ላይ አልነሳ ብላ ኖሯል፤ ሄሊና በነጭ ቀሚሷ ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ ብላለች።

«ኧረ ቀሚስሽን» አልኳት።

«ቆይ እማዬ፣ ልትነሳ ነው» አለችኝ።

እውነትም ተነሳች። እንግዳው አጨበጨበ፤ እሷም ግንባሯን የሞተር ግራሶ እንደነካው ከት ብላ ሳቀች። ይህን ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ጅሬኛም አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ እጇን አስታጠባት። እስኪመሽ ተበላ፣ ተጨፈረ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዩኒቨርሲቲ ስለምትሠራ ታውቀዋለህ። ሕክምና የደረሳት ልጅ ወደ መካኒካል ምህንድስና ልዛወር ብትል ይፈቅዱላታል? የጠየቀችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ምዝገባው ሳያልፍባት ቶሎ መልስልኝ። ለጅሬኛ ግን እንዳታነሳበት።

ደጅህ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ።

እኅትህ ጋዲሴ