የችሎቱ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል

ሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 1958፣ ነገሌ

ዳኛው ሰዓትህን ከዓርብ በፊት ካላሠራህ አንስማማም አሉኝ። እስከ ዛሬ ተስማምተን እንደምናውቅ አላስታውስም። የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ችሎቱ የሚከፈተው እኔ የአባቴን አሮጌ የእጅ ሰዓት አይቼ «ሦስት ሆኗል» ስል ነው። ደመወዜ ግን የጸሐፊ ብቻ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰው ነጋዴው ዘለቀ ነው። ከሞያሌ አዲስ ሰዓት አስመጥቶ፣ የጸሐፊው ሰዓት በግማሽ ሰዓት ይዘገያል ብሎ ተናገረ። ልክ ነው። ማታ በጦር ሰፈሩ መለከት አስተካክለዋለሁ፣ ጠዋት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘዋለሁ።

ዘለቀ እውነት የወደደበትን ምክንያትም አውቃለሁ። ኦቦ ጉዮ የሚባሉ ሽማግሌ ሁለት ግመሎቼን ወሰደብኝ ብለው ከሰውታል። የሚመጡት ከፊልቱ ነው፤ ያለው አንድ ጭነት መኪና ዓርብ ጠዋት ሦስት ተኩል ግድም ይደርሳል። ሦስት ላይ ሲጠሩ ከሌሉ መዝገባቸው ይዘጋል። ባለፈው ቀጠሮ በኔ ሰዓት ደረሱ። በዘለቀ ሰዓት ቢሆን ግመሎቹ ድሮ ቀርተዋል።

ማክሰኞ

ሰዓት ሠሪው አደም ዘንድ ገበያ ወረድኩ። ጾሙ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ጉልበቴም አብሮ ጾሟል። አካም፣ ናጋ ተባብለን ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም እንዲህ ራሱን ሲነቀንቅ ቤተ ዘመድ ይጠራል።

«ጸሐፊ፣ ይሄ ሰዓት የሚሄደው በቆሻሻው ነው» አለኝ። «ጥርሶቹ አልቀዋል። ካጠብኩት ወይ ደህና ይሄዳል፣ ወይ ጭራሽ አይነሳም።»

በቆሻሻ መሄድ የመሥሪያ ቤታችን ምስጢር ነው፤ እሱ ከየት እንደሰማ እንጃ። ላስብበት ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

ረቡዕ

ደከመኝ። ለዳኛው፣ ችሎቱን ወደ አራት ብናደርገውስ አልኳቸው። ፀሐይን ከቦታዋ እናንሳት ያልኩ ይመስል አዩኝ።

ከሰዓት ዘለቀ መጣ፤ የማሠሪያውን ገንዘብ እኔ እችላለሁ አለ። «ለፍትሕ ስል ነው፣ ወንድሜ።» ልክ እንዲሆን ጉቦ የቀረበለት ጸሐፊ ከኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። አልፈልግም አልኩት። ኩራት መሰለው፤ ፍርሃት ነበር።

ባሠራው የሽማግሌው መዝገብ ይዘጋል። ባላሠራው የኔ የሥራ መዝገብ። ሲታጠብ ደግሞ ሊሞትብኝ ይችላል። አባቴ ከእጁ አውልቆ የሰጠኝ ይህን ብቻ ነው፤ የቀረው ውርስ ምክር ነበር።

ዓርብ ጠዋት ራሴ ወደ ኋላ ባዞረውስ? እሱማ ወንጀል ነው። በራሱ ሲዘገይ ግን የእግዜር ሥራ ነው።

ሐሙስ

ወሰንኩ። አደም ዘንድ ሄጄ ፍታው አልኩት። ለነገ ማለዳ ላድርስልህ? አለኝ። አትቸኩል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም።

የተፈታ ሰዓት አይዘገይም፤ አይፈጥንምም። ትእዛዝም ተፈጸመ። የመጀመሪያዋን ባለ ጥርስ ክብ በወረንጦ ሲያወጣ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ዓርብ

ዳኛው ገብተው ተቀመጡ። ስንት ሰዓት ነው አሉ። ባዶ እጄን አሳይቼ፣ በትእዛዝዎ መሠረት ለሥራ ገብቷል አልኳቸው። ዘለቀ ብድግ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሦስት ከአምስት ነው፣ ከሳሽ የለም፣ መዝገቡ ይዘጋልኝ አለ። ዳኛው ክንዱን አዩ። እኔን አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«የተከራካሪ ሰዓት ምስክር አይሆንም» አሉ። «ቁጭ በል።»

እኚህን ሰው ስድስት ዓመት በሆዴ ሳማቸው ኖሬያለሁ። ግማሹን ይቅር ይበሉኝ።

የአጥር ክርክር ቀድሞ ይሰማ ተባለ። ምስክሮቹ ይርዘሙ ብዬ ጸለይኩ፤ ረዘሙ። በመጨረሻ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ኦቦ ጉዮ አቧራ ለብሰው ገቡ፤ ሲጠሩ «ጂራ፣ አለሁ» አሉ። ስለ ግመሎቻቸው፣ ስለ ጠባሳቸው፣ ስለ እናቶቻቸው ሁሉ ተናገሩ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም፤ የሚለካ አልነበረም። አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ። ፍርዱ ለመጋቢት ተቀጠረ። እጄ እስካሁን ያመኛል።

ቅዳሜ

ሰዓቴ አደም ጠረጴዛ ላይ በስኒ ማስቀመጫ ተበትኖ፣ ብርጭቆ ተደፍቶበት አገኘሁት። ታጥቦ ያበራል። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ልግጠመው? አለኝ። ይነሳል ወይ አልኩት። ሲገጠም ነው የሚታወቀው አለ።

እስከ መጋቢት ይቆይ አልኩት። ለኦቦ ጉዮ ፍርድ ስል ነው፤ ለአደምም እንዲሁ ነገርኩት። ለዚህ ደብተር ግን ሌላውንም ልንገረው፦ እስካልተገጠመ ድረስ አልሞተም።