ሁለት ብርቱካን ከሰዓቱ ሥር

ውድ ደርቭላ፣

ማክሰኞ ዕለት ዩኒቨርሲቲው ጠራኝ። አትሳቂ፤ እውነቴን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ለምንም አይፈልገኝም ብዬ ተቀምጬ ሳለ፣ ሲዮፍራ የምትባል ወጣት ደወለችና «የድሮ ተማሪዎችን እያነጋገርን ነው፤ ክፍላችንን መጥተው ቢያዩልን» አለችኝ። ክፍላችን ያለችው እንደ እኔና እንዳንቺ ላሉ ተማሪዎች የተከፈተውን ቢሮ ነው፤ ወንድ ለሚወዱ ወንዶች፣ ሴት ለሚወዱ ሴቶች፣ ሲወለዱ የተጻፈላቸው ጾታ የእነሱ ላልሆነ ልጆች። ከቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አጠገብ ነው፤ በሩ ደግሞ መስታወት! እኛ ያኔ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመን፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይተን ነበር እንደ ሌባ ሹልክ የምንለው።

አሁን ሁሉ ነገር አላቸው። አማካሪ አላቸው፣ ነርስ አላቸው፣ መታወቂያ ላይ ስም ለማስቀየር አብሮ የሚሯሯጥ ሰው አላቸው። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ቀናሁ። ተሰናብቼ ልወጣ ስል ግን በሩ አጠገብ ጎድጓዳ ሳሕን ሙሉ ብርቱካን አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱ ልማድ ነው። ከድሮ የመጣ ነው ይላሉ። ለምን ብርቱካን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እርስዎ ያውቃሉ እንዴ?»

አውቃለሁ ማለት አቃተኝ። አንዱን አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እሷም ብርቱካኑን ማንሳቴን እንደ እሺታ ቆጠረችው መሰለኝ፣ «በሚመጣው ሐሙስ አዲስ ተማሪዎችን ከአሮጌው ሕንፃ ሰዓት ሥር የሚቀበል ሰው አጥሮናል። ይቆሙልናል?» አለችኝ። እስከ ሰኞ አስቤ እነግርሻለሁ ብያት ወጣሁ።

አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ከዚያ ሰዓት ሥር ቆሜ አላውቅም። ባሕሩ ዳር ያለውን ግንብም አላየሁትም። ባሕሩን ይዞ ወደ ሶልትሂል የሚወስደው መንገድ ጋ ስደርስ እግሬ ራሱ ይዞራል። እሺ ልበላት ወይስ እምቢ፣ ካንቺ በቀር የማማክረው ሰው ስለሌለኝ ይኸው ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

የተገናኘንበትን ዓመት መከር አስታወስሽው? እኔ ከሊትሪም ገጠር፣ ከአባቴ ላሞች መሐል፣ ወደ ጎልዌይ ከተማ ከመጣሁ ገና ሳምንታት ነበር። ከአከራዬ በቀር ያነጋገርኩት ሰው አልነበረም። ሕጉ በእኔ ላይ ነው፣ ቄሱ በእኔ ላይ ናቸው፣ መስታወት ውስጥ የማየው ፊትም ቢሆን በእኔ ላይ ነበር። በተማሪዎቹ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ፣ በብስክሌት ሽያጭና በጠፋ ጃንጥላ መሐል፣ ያቺ ትንሽ ማስታወቂያ ወጣች። «ሐሙስ ሻይ አለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን መግባት ከከበደህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአሮጌው ሕንፃ ሰዓት ሥር የሚቀበልህ አለ። ምልክቱ ብርቱካን ነው።» የምን ሻይ እንደሆነ አትልም። የሚመለከተው ሰው ግን ያውቅ ነበር፤ እኔም ሳነበው ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ሻንጣዬን አከራዬ ቤት አስሬ ትቼ ነው ወደ ሰዓቱ የመጣሁት፤ ይህን በኋላ ነግሬሻለሁ። ማንም ካልተቀበለኝ በማግስቱ ዓርብ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ቤት ልመለስ፣ ትምህርቱ ከብዶኛል ልል፣ ላሞቹን ልይዝ፣ እናቴ ካሰበችልኝ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ልጋባ፣ በቃ ዕድሜዬን በሙሉ አፌን ዘግቼ ልኖር ወስኜ ነበር።

ብርቱካኑን የሚይዘው ማን እንደሆነ ማስታወቂያው አይናገርም። አእምሮው የሰከነ ሰው ተቀባዩ ነው ብሎ ይረዳል። የፈራ ሰው ግን ምን አእምሮ አለው! እንዲያውቁኝ መያዝ ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ «አንድ ብቻ?» ስትለኝ፣ ፖሊስ የጠየቀኝ ያህል ላብ አጠመቀኝ።

ከሰዓቱ ሥር አንቺ ቆመሻል። አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት፣ የረጠበ ጸጉር፣ ብርቱካንሽን እንደ እንቁላል በሁለት እጅሽ ይዘሽ። ይቺ ናት አልኩ፤ የምትቀበለኝ ይቺ ናት።

«ሰላም» አልሽ።

«ሰላም።»

«እንሂድ?»

«እንሂዳ።»

መጀመሪያ «እንሂድ» ያለው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ተከራክረናል። እኔ አሁንም አንቺ ነሽ እላለሁ። ለማንኛውም፣ እውነተኛው ተቀባያችን ማላኪ የብስክሌቱ ጎማ ተንፍሶበት እያለከለከ ሲደርስ፣ ሁለት ሰዎች ብርቱካን ይዘው ጎን ለጎን ሲሄዱ ከሩቅ አየ። ሌላ ሰው ተክተውልኛል ብሎ አጥሩ ላይ ተቀምጦ የራሱን ብርቱካን ልጦ በላ። በኋላ ይቅርታ ሊጠይቀንና የሻዩን ክፍል ሊነግረን ሲመጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልሽው፤ ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ያስታውሳታል።

ከግቢው ስንወጣ ለምን አልጠረጠርኩም? እንዲህ ያለ ሻይ ግቢው ውስጥ አይጠጣም፣ ሩቅና ስውር ቦታ ነው የሚሆነው ብዬ ነዋ። የቦዩ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆም አልሽ። እኔም ቆምኩ። እጄን አየሽው።

«ወደዚህ ነው?» አልኩሽ።

«አዎ፣ ወደዚህ ነው» ብለሽ ወደ ባሕሩ ታጠፍሽ። ጂኦግራፊ ሊማር የመጣው፣ ቦርሳው ውስጥ የከተማውን ካርታ የያዘው ሰውዬ ተከተለሽ።

መንገዱን ሁሉ አሳቅሽኝ። «አከራዬ ቅቤ ትደብቃለች። የት መሰለህ? ከማርያም ሐውልት ኋላ። እኔ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ ጸሎት አበዛሁ። ሴትዮዋ ምን ትላለች መሰለህ? ‹እንዳንቺ ያለ መንፈሳዊ ልጅ አላየሁም!›» ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄን ረስቼው ስለነበር ራሴን አስደነገጠኝ።

ባሕሩ ዳር ደረስን። ነፋሱ ካፖርትሽን እየጎተተ፣ መንገደኛው አንገቱን ቀብሮ፣ መንገዱ እስኪያልቅ ሄድን። እዚያ ግንቡ አለ። ከፊታችን ውሻ የያዙ አንድ ሽማግሌ ደርሰው፣ የጎልዌይ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግንቡን በጫማቸው ጫፍ መታ አድርገው ዞሩ። አንቺም መታሽው። እኔም መታሁት። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

«እሺ» አልሽኝ፣ «ሻዩ የት ነው?»

«የቱ ሻይ?»

«የሐሙሱ ነዋ!»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትወስጂኝ?»

«እኔ? እኔ ዛሬ ገና መምጣቴ ነው!»

«ብርቱካኑስ ታዲያ?»

«ያንተስ?»

«በስመ አብ!» አልኩ። አንቺ ሆድሽን ይዘሽ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሽ። «ዕውር ዕውርን ቢመራው!» እያልሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ፤ ሳቁ ሲበርድልሽ ብርቱካንሽን መላጥ ጀመርሽ። ከዚያ እኔን ሳታዪ፣ ልጣጩን እያየሽ፣ «እኔ የምወደው ሴት ነው» አልሽ።

«እኔ ደግሞ ወንድ» አልኩ።

«ምን አልክ? ነፋሱ ወሰደው፤ ጮክ በል!»

«ወንድ ነው የምወደው አልኩሽ!»

ሽማግሌው ሰምተው ዞር አሉ። ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው «ደህና አምሹ ልጆች፤ ብርድ እንዳይመታችሁ» ብለውን ከውሻቸው ጋር ሄዱ። ግማሹን ብርቱካን ሰጠሽኝ። እንደዚያ ያለ ጎምዛዛ ብርቱካን በልቼ አላውቅም። በማግስቱ አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም ሳይቀበለን እጅጌ ለእጅጌ ተያይዘን ገባን። ሻዩ የነበረው የተማሪዎች አማካሪ የነበሩት የወይዘሮ ሄሽን መጠበቂያ ክፍል ነው፤ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ የተሰባበረ ብስኩት፣ ስንቀመጥባቸው የሚያቃስቱ ወንበሮች። የብርቱካኑ ሐሳብ የእሳቸው ነበር። «ቀይ አበባ የያዘ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ብርቱካን የያዘን ማን ይጠረጥራል? ርቦት ነው ይሉታል» ነበር ያሉን። ሻዩን ቀድተውልን «አበቦቼን ውሃ ላጠጣ» ብለው ይወጣሉ፤ አንድም አበባ አልነበራቸውም፤ ማን እንደመጣ ቢጠየቁ አላየሁም ለማለት ነበር። የማያሸማቅቅ ሐኪም የቱ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ለገና ቤቱ መሄድ ላልቻለ ልጅ አልጋ የሚፈልጉትም እሳቸው።

አንቺም አንድ ዓመት ገናን በዚያ አልጋ አሳልፈሻል። አባትሽ «እንዳትመጪ» ብሎ በስልክ የተናገረሽ ዓመት። እኔ በበዓሉ ማግስት ከሊትሪም ስመለስ እናቴ የሠራችልሽን ሹራብ አመጣሁልሽ። «ለዚያች ለደርቭላህ ነው፤ መቼ ነው የምታመጣት?» ብላ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ምራትሽ አትሆንም ማለት አቅቶኝ ሹራቡን ተቀበልኩ። አንቺ ለብሰሽው እያለቀስሽ ሳቅሽ። «ይኸው ባል ሳላገባ አማት አገኘሁ» አልሽ። እናቴ እውነቱን ስታውቅ ከእኔ ጋር ብዙ ጊዜ ተኳረፈች፤ ለአንቺ ግን ሹራብ መሥራት አላቆመችም።

ከዚያ በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። ብርቱካን ይዘን ስንቱን ከሰዓቱ ሥር ተቀበልን። አንዳንዱ አይቶን ሳይጠጋን ያልፍ ነበር፤ አንቺም «ተዉት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣል» ትዪ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ይመጣል። አንቺ ነርስ ሆንሽ፣ እኔ የሰው ልጆችን ጂኦግራፊ ሳስተምር አረጀሁ። ሕጉም ተቀየረ፣ አባትሽም ታረቀሽ። በየዓመቱ በመከር ግን ግንቡ ድረስ ሄደን መታ መታ አድርገን፣ አንድ ብርቱካን ተካፍለን መመለስ አልቀረም።

የካቲት ላይ፣ ሆስፒታል፣ ያን ቀን የተናገርሽኝን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች። ብርቱካን እየላጥኩልሽ ነበር፤ መብላት ባትችዪም ሽታውን ትወጂው ስለነበር።

«ፊንታን፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ» አልሽኝ።

«ቅቤ ነው የደበቅሽው?»

«ቀልዱን ተው። ያኔ ድልድዩ ላይ ነቅቼብህ ነበር።»

«ምኑን?»

«አንተም እንደኔ አዲስ መሆንህን። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚቀበል ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሮጥ ነበር። አንተ ከሮጥክ እኔም እሮጥ ነበር። ስለዚህ የማውቅ መሰልኩ። የማውቀው መንገድ ደግሞ ያ ብቻ ነበር፤ እስከ ግንቡ ድረስ። እዚያ መንገዱ ሲያልቅብኝ፣ ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ሻዩን ጠየቅኩህ።»

ሳቅኩ። «ተንኮለኛ!» አልኩሽና የብርቱካኑን ልጣጭ አፍንጫሽ ሥር ያዝኩልሽ። ሌላ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። አሁን መጥቷል፤ ስሚኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ያን ቀን ሁለት ዕውሮች ነበርን ብዬ ነው ያወራሁት። ዕውሩ አንድ ነበር። አንቺ ከእኔ እኩል ፈርተሽ፣ ከእኔ እኩል ሳታውቂ፣ ፍርሃትሽን ዋጥ አድርገሽ ከፊቴ ሄድሽልኝ። እኔ ከዚያ አውቶቡስ የቀረሁት በአንቺ ነው። እወድሻለሁ። ናፍቀሽኛል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ይብስብኛል።

ትናንት ማታ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ፣ ዛሬ ጠዋት ለሲዮፍራ ደውዬ እሺ አልኳት። በጣም ደስ አላት። ከዚያ «እንዲያውም ከድሮ ጀምሮ ሳይቀየር የሚወጣውን ማስታወቂያ እናስተካክለው እያልን ነበር። ብርቱካኑን የሚይዘው ተቀባዩ እንደሆነ አይናገርም እኮ፤ አንዳንድ ልጆች ራሳቸው ይዘው እየመጡ ግራ ይጋባሉ» አለችኝ።

«እባክሽ እንዳትነኪው» አልኳት። «እንዳለ ይሁን።»

እንግዲህ ሐሙስ እቆማለሁ። ከሳሕኑ ያነሳሁት ብርቱካን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እሱን እይዛለሁ። አንዱ ልጅ ወይም አንዷ ልጅ የራሷን ብርቱካን ይዛ፣ እየተንቀጠቀጠች ብትመጣ፣ የኔም እጅ ያለ አንቺ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ማን ማንን እየመራ እንደሆነ አልናገርም። «እንሂድ?» እላታለሁ። ወደ መስታወቱ በር መግባት ከፈራች ደግሞ በድልድዩ በኩል ወደ ባሕሩ እንታጠፋለን፤ እስከ ግንቡ ድረስ መንገዱን አውቃለሁ።

ግንቡን ለአንቺም አንድ ጊዜ እመታልሻለሁ፤ በግራ እግሬ ነው ታዲያ፣ የቀኝ ጉልበቴን አሞኛል።

ከኋላሽ የመጣው፣
ፊንታን