የጎረቤት ሳህን

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሳጃና

የልጅ ልጄ ዘሃራ ጀብራ ላለው ክሊኒክ የምትሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዛሬም በመሐል ድርግም ብሎ ቆመ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ሲ ሻርፕ በሚባለው አዲስ የኮድ ቋንቋ ነው፤ የሐበሻን ቀን ወደ ሂጅራ አቆጣጠር የሚቀይርላት ግን እኔ በጉልምስናዬ ሲ በሚባለው በአሮጌው ቋንቋ የጻፍኩት ኮድ ነው።

«ወላሂ አባባ፣ እስከ ዙህር ሶላት ካልሠራ ኮድዎን አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

«ጣይው፤ እኔንም አብረሽ ጣይኝ» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሥራዬ ግን የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስህተቱን ስፈልግ አገኘሁት። የእኔ ኮድ ቀኑን ጽፎ የሚያቀብላትን የሜሞሪ ቦታ የእሷ ወገን አንብቦ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋዋል፤ ባለቤቱ ግን የእኔ ኮድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ያኔ ይቆማል።

«አንቺ፣ ጎረቤት በሳህን ምግብ ቢልክልሽ በልተሽ ሳህኑን ትሰብሪያለሽ?»

«ላ! እመልሳለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው የእኔንም መልሺልኝ፤ ባለቤቱ ያጥበዋል።»

ሜሞሪውን ተቀብላ የምታጸዳ አንዲት ፈንክሽን፣ ትንሽ የኮድ ቁራጭ፣ በእኔ በኩል ጨመርኩ። ዘሃራ ከፕሮግራሟ ውስጥ ጠራቻት፤ ፕሮግራሙም ሠራ። ግንባሬን ስማኝ እየሮጠች ወጣች፤ የዙህር አዛን ገና አልተሰማም ነበር።

ያን ኮድ በሁለት ቀን ራሷ አዲስ ልትጽፈው ትችል ነበር። አልጻፈችም፤ የእኔን ይዛ ስትታገል ሰነበተች። አልሐምዱሊላህ። ይህን እንደማውቅ ግን አልነግራትም፤ ትኮራብኛለች።