ጨው የገባበት ሻይ

ውድ ታናሼ፣

ከዱሩ በደህና ተመልሻለሁ። አንበሳም ዝሆንም አልነካኝም።

ባሌ ለጋብቻችን ዐሥረኛ ዓመት አራዊት የሚታይበት የድንኳን ካምፕ ሊወስደኝ ነው ስልሽ፣ ሻንጣዬን ያዘጋጀሽልኝ አንቺ ነሽ። «ጠዋት ጫማሽን ሳታራግፊ እንዳታጠልቂ፣ ጊንጥ ይገባበታል። የድንኳኑን ዚፕ እስከ ታች ዝጊው፣ ዝንጀሮዎቹ ሌቦች ናቸው» አልሽኝ። እንዲያ ስትጨነቂልኝ አንጀቴን በላሽው። ከየት አወቅሽው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩሽም።

በመጀመሪያው ጠዋት ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠን ጎሾች ከወንዙ ሲጠጡ እናያለን። የካምፑ አብሳይ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሻይ ይዘው መጡ። የእንግዳውን ሁሉ አመል ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ተመልሶ ለመጣ ሰው የሚወደው ሳይጠይቅ ይቀርብለታል። ኩራታቸው ነው።

«የባለቤትዎን ሻይ አልረሳሁም» አሉት ባሌን። «ባለፈው ስትመጡ እንደወደዱት አድርጌ ነው ያፈላሁት።»

እኔ እዚያ ቦታ ደርሼ አላውቅም። ቀመስኩት። ጨው አለው።

ሻይ በጨው የሚጠጣ ሰው ከአንቺ ሌላ አላውቅም፤ በመልክም እንመሳሰላለን። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ስኳር መስሎሽ ጨው ጨመርሽበት፤ ስስቅብሽ፣ ተሳሳትኩ ከምትዪ ጨለጥሽውና «እኔ እንዲህ ነው የምወደው» አልሽ። ይኸው እስከ ዛሬ ትጠጪዋለሽ። እናታችን ስትሞት ከነግትርነትሽ ነው አደራ ብላ የሰጠችኝ።

ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። ዓይኑን ከጎሾቹ አልነቀለም።

«አልተስማማዎትም እንዴ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«እጅዎ ይባረክ» ብዬ ጨለጥኩት። እሳቸው ምን አጠፉ?

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገረኝ። አለቀሰም። እሱን መጥላት ብዙም አልከበደኝም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማለሁ፤ ፈረሱ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ባል ሌላ ይገኛል። እህት ከየት አመጣለሁ?

እሑድ እንደ ልማድሽ ነይ። እሱ የለም፣ ልብሱን ይዞ ወጥቷል። ስኳሩንም ጨዉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥልሻለሁ። በዕድሜሽ አንድ ቀን «ተሳሳትኩ» ስትዪ ልስማሽ። ካቃተሽ ሻይሽን እንደምትወጂው አድርገሽ ጠጪና ሂጂ፤ ሁለተኛ አልጠራሽም።

ያሳደገችሽ እህትሽ