የጋሼ ቢሻው ገብስ

ኅዳር 6
ለዘጠነኛ «ሐ» ዛሬ «ጋዘር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ አስተማርኩ። ሰው ሲሰበሰብ። አዝመራ ሲሰበሰብ። ወሬ ሰምቶ ነገሩን መረዳትም እንደዚሁ። ምሳሌ ጻፉ ብላቸው ክፍሉ በሙሉ «ሰዎች ለስብሰባ ተሰበሰቡ»። ተናደድኩ። አዝመራ ሲሰበሰብ አይታችሁ አታውቁም?
«ቲቸር፣ እኛ አገር ያለው ለከሰል የሚተከል ዛፍ ብቻ ነው» አለች አንዷ። ሳቁ።
እውነቷን ነው። ይህን ዛፍ ስጠላው!

ኅዳር 10
አዲስ ቅዳም ሄድኩ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት። ጋሼ ቢሻው ከስቷል። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ዳንግላ ሆስፒታል እንሂድ አልኩት።
«ገብሴን ሜዳ ላይ ጥዬ?»
«ገብሱ ይቅር!»
«የአንተ ደመወዝ አይረግፍም። የእኔ ገብስ ይረግፋል።»
ማክሰኞ ደቦ ጠርቷል። ገብሱ ሲገባ እሄዳለሁ አለ። ግን ማን ይመጣል? ድሮ አንዱ ለሌላው ያጭድ ነበር። አሁን ሁሉም ዛፍ ተክሏል፤ ገብስ የዘራ እሱ ብቻ...

ኅዳር 13
ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሚስቱ ካሳነሽ ጠላውን ጠምቃ፣ ወጡን ሠርታ ጠበቀች። የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ጎረቤቱ አዝመራው ደወለ፤ «አይሱዙ መጥቶብን ከሰል እየጫንን ነው።» ከሰል!
ጋሼ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።
«ይመጣሉ። ብርዱ ነው ያዘገያቸው።»
እስከ ቀትር ይህንኑ አለ። እኔም አጨድኩ። እጄ ተላጠ። ሩቡን እንኳ አልጨረስንም።
«ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አልኩት ማታ።
«ነገ ደግሞ እንያቸው።»

ኅዳር 14
ሊነጋ ሲል አረፈ።
አገሩ በሙሉ ለቀብር ወጣ። እንደ ለቅሶ ወጉ ፈረስ ጭነው፣ እያለቀሱ። ማንም አልጠራቸውም። ከቀብር መልስ ለለቀስተኛው የተቀዳው የደቦው ጠላ ነው።
«ደግ ሰው ነበር» አለኝ አዝመራው።
«ይህ ጠላ ትናንትም ነበር። የት ነበርክ?»
አዝመራው ጣሳውን ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ኅዳር 20
አዝመራው በጠዋት ማጭዱን ይዞ መጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ያለ ዘፈን አጨዱ። እኩሌታው ረግፏል... ልሳደብ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አጎንብሰው ሳያቸው ማጭድ አንስቼ ከጎናቸው ገባሁ።
ማታ ካሳነሽን ጠየቅኋት።
«ለከርሞስ ምን ትዘሪያለሽ?»
«ዛፍ እተክላለሁ፣ ወንድምዓለም። ዛፍ ሰው እስኪገኝ ቆሞ ይጠብቃል።»

ችግኙን እኔ አመጣልሻለሁ አልኳት።