በየወሩ የምትጎድለው አምስት መቶ ብር

ኅዳር 4
ደብረ ታቦር በርዳለች። የስድስተኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ታናሽ እህቴ ወርቅነሽ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ባሏ ባዩ ጥርሷን ሰብሮ ካባረራት፣ እኔ ዘንድ ከመጣች ሰባት ወሯ። ዛሬ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች... ነገ ባንክ እሄዳለሁ፤ የቤት ማኅበሩ የሂሳብ መግለጫ አምጪ ብሎኛል።

ኅዳር 5
ወረቀቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። አምስት መቶ ብር፣ ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ሰባት ጊዜ ወጥቷል። ከጎኑ የማላውቀው ስም። የባንክ ሠራተኛዋን ልጅ ጠየቅኋት።
«የክፍያ መተግበሪያው ስም ነው ቲቸር። በእሱ በኩል ነው ያለፈው። ለማን እንደደረሰ ለማጣራት አሥር ቀን ይፈጃል።»
«እኔ ምንም አልላክሁም!»
«በእርስዎ ስልክ፣ በእርስዎ የሚስጥር ቁጥር ነው...»
ቁጥሬን ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? በስልኬ መብራት የምትከፍለው ማን ናት? ሚያዝያ ላይ ማን መጣ?

ኅዳር 6
ወርቅነሽን ጠየቅኋት። «በማርያም እቴቴ፣ አልነካሁም» አለች። እንባዋ ይበልጥ አናደደኝ። ሻንጣዋን ገለበጥኩት። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ። ሌላ የለም። ብልጥ ናት... የት አድርሳው ይሆን?

ኅዳር 8
ለባዩ ደወልኩ። እኔው ራሴ። «ሚስትህ ሌባ ናት፣ ና ውሰዳት።» ከሐሙሲት በሚኒባስ መጣ። እግሬ ላይ ወደቀች። «ገረድሽ ልሁን፣ ለእሱ ብቻ አትስጪኝ!» እጇን ከእግሬ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ጣት በጣት።
ቤቱ ጭር ብሏል። ይሻላል።

ኅዳር 9
የሚስጥር ቁጥሬን ለወጥኩ።

ኅዳር 16
ባንክ ጠሩኝ። ልጅቷ ደስ ብሏታል።
«ስርቆት አይደለም ቲቸር! ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው። በየወሩ እንዲቆረጥ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ራስዎ ፈቅደዋል።»
የጊዮርጊስ ዕለት... ዲያቆኑ ስልኬን ነካክቶ «እዚህ ጋ ቁጥርዎን ያስገቡ» ያለኝ። ሕዝቡ እልል ያለልኝ። የአንድ ጊዜ መስሎኝ! ከዚያ ወዲህ የባንክ መልእክት ሳላነብ ስሰርዝ...
«ይቋረጥ?» አለችኝ። ምን እንዳልኳት አላውቅም።

ኅዳር 17
ባዩ ስልክ አያነሳም።

ኅዳር 20
ሐሙሲት ሄድኩ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ አገኘኋት። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ባዩ ከኋላዋ ቆሟል።
«ወርቄ፣ ገንዘቡ ታወቀ። አንቺ አይደለሽም። እኔው ነኝ...»
ባዩ ሳቀ። «ሌባ ናት ያልሽኝ አንቺ። አገር ሁሉ ከሰማ በኋላ?»
«ተነሺ እህቴ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።»
ቀና ብላ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። ሚዛኑን አነሳች።
«ስንት ኪሎ ልመዝንልዎ?»
አንቱ አለችኝ።
ከኋላዬ ገዢዎች ይገፉኛል።
«ሁለት» አልኳት።
መዘነችልኝ። መልሱን ሳንቲም ሳታጎድል ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችው።